ያለፈ ቀለብ፦ የኢትዮጵያው 3 ወር እና የካናዳው 3 ዓመት

በኢትዮጵያ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) መሠረት፣ መከፈያው ደርሶ በ3 ወር ውስጥ ያልተጠየቀ ቀለብ ይቀራል፤ ለኑሮ አስፈላጊ መሆኑን ያስረዳ ብቻ ያገኘዋል። «ሽማግሌ ይየው» እየተባለ ሲጓተት ወራቱ ያልፋሉ። የሚያንገበግበኝም ይሄ ነው፤ ልጁ በእነዚያ ወራት ይበላ፣ ይማር ነበር።

የካናዳ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 ባስቀመጠው መመሪያ ግን፣ ቀለብ ይሰጥ ወይም ይጨመር የሚለው ጥያቄ ለሌላው ወላጅ ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ይታሰባል፤ ወደ ኋላ የሚታሰበው ጊዜ ግን መደበኛ ማሳወቂያ (ለምሳሌ የፍርድ ቤት ክስ) ከመቅረቡ በፊት ካለው 3 ዓመት በአብዛኛው አያልፍም። ገቢውን የደበቀ ወላጅ በዚህ ገደብ ሊከለል አይችልም። በ2020 ፍርድ ቤቱ፣ ገቢውን አሳንሶ የተናገረ አባት 23 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ተሰጥቶ በይግባኝ የተሻረውን ውሳኔ መልሶ አጽንቷል፤ ያውም ልጁ አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ!

ለልጅ የሚያደላው የካናዳው ነው እላለሁ። ቶሮንቶ ያለች እናት ቀለብ የጠየቀችበትን የቴሌግራም መልእክት አታጥፋ። አዲስ አበባ ያለችው ደግሞ ሽምግልናውን ሳትተው፣ 3 ወሩ ሳይሞላ አቤቱታዋን ፍርድ ቤት ታስገባ።