የጃቫ ሰርቨር በክላውድ፦ ባዶ ማሽን ይሻላል ወይስ ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው?

የጃቫ አፕሊኬሽናችሁን ክላውድ ላይ ለማስቀመጥ ሁለት መንገድ አለ፦ ባዶ ማሽን ተከራይቶ ሁሉን ራስ መጫን፣ ወይም ሰርቨሩ ተጭኖ የሚጠብቅበትን መውሰድ። ዋጋ ከማወዳደራችሁ በፊት ዋር ፋይላችሁን (አፕሊኬሽኑ የተጠቀለለበትን) ክፈቱት። ዚፕ ነው፤ በማንኛውም የዚፕ መፍቻ ይከፈታል። ውስጡን ስታዩት የምርጫው ግማሽ እዚያው ያልቃል።

አፕሊኬሽኑ ሰርቭሌትና ጄኤስፒ (የጃቫ ተራ የዌብ ክፍሎች) ብቻ ከሆነ ቶምካት የተባለው ቀላል የጃቫ ሰርቨር ይበቃዋል። ቶምካትን የማያስተናግድ ክላውድ የለም ማለት ይቻላል። ኢጄቢና ጄኤምኤስ (የቢዝነስ ሥራና የመልእክት ልውውጥ የሚይዙ የጃቫ ክፍሎች) የሚጠቀም የቆየ የመሥሪያ ቤት ሲስተም ከሆነ ግን ቶምካት ብቻውን አይችለውም። እንደ ዋይልድፍላይ (የድሮው ጄቦስ ነው) ወይም ፓያራ ያለ ሙሉ ሰርቨር ያስፈልገዋል። ያኔ አማራጮቻችሁ በጣም ይጠባሉ። ስፕሪንግ ቡት በተባለው የጃቫ ማዕቀፍ የተሠራ ጃር ፋይል ከሆነማ ቶምካቱን አብዛኛውን ጊዜ በሆዱ ይዞት ስለሚዞር፣ ጃቫ ያለበት ማሽን ብቻ ነው የሚፈልገው።

ሌላም አለ። ኮዱ ውስጥ የሰርቭሌት ኢምፖርቶቹ «ጃቫክስ» ብለው ይጀምራሉ ወይስ «ጃካርታ»? ኦራክል ጃቫ ኢኢን (ሰርቭሌትና ኢጄቢ ያሉበትን የጃቫ ስብስብ) ለኤክሊፕስ ፋውንዴሽን ካስረከበ በኋላ በድሮው ስም መቀጠል ስላልተቻለ ፓኬጆቹ ስም ቀየሩ። ቶምካት 9 በድሮው ስም ይሠራል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ያለው በአዲሱ። በ9 ላይ ሲሮጥ የነበረ ዋር 10 ላይ ሲጫን ወይ ክላስ ጠፋ ይላል፣ ወይ ዝም ብሎ 404 (ገጹ የለም) ይመልሳል። ከክላውዱ ጋር መጣላት ትጀምራላችሁ፤ እሱ ግን ምንም አላጠፋም። የትም ብትሄዱ የቶምካቱን ቁጥር አይታችሁ ምረጡ።

ባዶ ማሽን

አማዞን ኢሲ2፣ ዲጂታል ኦሽን፣ ሄትዝነር፤ ሁሉም የሚያከራዩት ሊኑክስ የተጫነበት ማሽን ነው። ጃቫውን፣ ቶምካቱን፣ ከፊቱ ቆሞ ጥያቄ የሚቀበለውን ኤንጂንኤክስ፣ ፋየርዎሉን፣ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፊኬቱን የምትጭኑት እናንተ ናችሁ። ለለመደ ሰው የአንድ ቀን ሥራ ነው። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ዓመት ነው።

መጀመሪያ ራም። ጃቫ ካልነገራችሁት በቀር ከፍተኛውን ሂፕ (አፕሊኬሽኑ ዳታውን የሚይዝበት ሜሞሪ) የማሽኑን ራም ሩብ ያደርገዋል። ባለ 1 ጊጋ ማሽን ላይ 256 ሜጋ ማለት ነው። ይኼ አነሰ ብላችሁ 900 ስታደርጉት ደግሞ ሰው በበዛበት ሰዓት ቶምካት ድንገት ድርግም ይላል። የቶምካትን ሎግ ብታገላብጡ አንድም የስህተት መስመር የለም፤ ራም ሲያልቅበት የገደለው ሊኑክስ ራሱ ነዋ። ማስረጃው ያለው የከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ሎግ ላይ ነው። ለእውነተኛ ሥራ ከ2 ጊጋ በታች አትውረዱ። በዲጂታል ኦሽን ይኼ በወር 12 ዶላር አካባቢ ነው።

ቀጥሎ ዲስክ። ይኼን በራሴ ላይ ደርሶ ነው የማውቀው። ሰኞ ጠዋት ማንም ሎግኢን ማድረግ አልቻለም። ማሽኑ አለ፣ ቶምካትም አለ፣ ሥራ ግን የለም። ዲስኩን ሳየው 100 በመቶ ሞልቷል። ካታሊና አውት የሚባለው የሎግ ፋይል ብቻውን 19 ጊጋ በልቷል። ደስ ብሎኝ አጠፋሁት። ዲስኩን ደግሜ ሳየው አሁንም 100! ለካ ቶምካት ፋይሉን ከፍቶ እንደያዘው ነው፤ እስኪለቀው ድረስ ቦታው አይመለስም። ሪስታርት ሳደርገው ነው ሁላችንም የተነፈስነው። የቆየ ሎግ እየቆረጠ የሚያጠፋውን ሎግሮቴት የሚባል መሣሪያ የመጀመሪያው ቀን ላይ ብጭነው ኖሮ አምስት ደቂቃ ነበር የሚፈጅብኝ።

ተዘጋጅቶ የሚጠብቀው

እዚህ ዋሩን ትሰቅላላችሁ፣ ሌላው የእነሱ ጣጣ ነው። ቢያንስ ማስታወቂያው እንደዚያ ይላል።

የአማዞኑ ኢላስቲክ ቢንስቶክ ራሱ ክፍያ የለውም። የምትከፍሉት ከሥሩ ለሚያስነሳው ማሽን ነው። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ሲከፍቱ «ሃይ አቬይለቢሊቲ» የሚለውን ከመረጡ ሎድ ባላንሰር (ጥያቄዎችን ለማሽኖች የሚያከፋፍል) አብሮ ይመጣል። እሱ ብቻውን ማንም ባይጠቀምበት እንኳን በወር ከ16 ዶላር በላይ ነው። ለትንሽ ሥራ «ሲንግል ኢንስታንስ» የሚለው በቂ ነው። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ለእያንዳንዱ ፐብሊክ አይፒቪ4 አድራሻ (ማሽኑ ከኢንተርኔት የሚገኝበት ቁጥር) በወር 3 ዶላር ተኩል ገደማ ይታሰባል። ቢንስቶክ ቶምካትንና ተራ ጃቫን አዘጋጅቶ ይጠብቃችኋል። ዋይልድፍላይ ከፈለጋችሁ ግን በዶከር (አፕሊኬሽኑን ከነሰርቨሩ የሚያሽግ መሣሪያ) ጠቅልላችሁ መምጣት አለባችሁ።

የማይክሮሶፍቱ አዙር አፕ ሰርቪስ በዚህ በኩል ይሻላል፤ ከቶምካት ሌላ ሬድሃት የሚደግፈውን ጄቦስም ይዟል። ኢጄቢ ያለበት ሲስተም ኖሯችሁ ሰርቨር መንከባከብ የማትፈልጉ ከሆነ መጀመሪያ እሱን እዩ። ዋጋው ግን ከተራ ቶምካት ከፍ ይላል።

ሄሮኩ ለመጀመር ከሁሉም ይቀላል። ነፃ የነበረውን በ2022 መጨረሻ ዘግቷል። አሁን በወር 7 ዶላር የሚከፈልበት ደረጃ 512 ሜጋ ራም ነው ያለው፤ ለጃቫ ጠባብ ቤት ነው።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚረሳው ፋይሎቹን ነው። ሄሮኩ አፕሊኬሽኑን በየቀኑ ገደማ ዘግቶ እንደገና ያስነሳዋል፤ ዲስኩ ላይ የተጻፈው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ደንበኛው የጫነው የመታወቂያ ፎቶ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። ቢንስቶክም ማሽኑን በአዲስ ሲተካ እንደዚያው ነው። ኮዳችሁ ዲስክ ላይ የሚጽፍ ከሆነ ወይ ወደ ኤስ3 (የአማዞን የፋይል ማከማቻ) ዓይነት ማከማቻ ቀይሩት፣ ወይ ባዶ ማሽን ላይ ቆዩ። ይኼ ነጥብ ብቻውን የብዙ የቆዩ ሲስተሞችን ምርጫ ይወስናል።

ደኅንነትስ? በ2020 ጎስትካት የተባለው የቶምካት ቀዳዳ ሲታወቅ ባዶ ማሽን ያለው ሰው ቶምካቱን አዲስ እስኪያደርግ ወይ ቀዳዳው ያለበትን 8009 ፖርት እስኪዘጋ ሥራው የእሱ ነበር። ተዘጋጅቶ በሚጠብቀው ላይ ቶምካቱን የሚያድሰው አቅራቢው ነው፤ ዝመናው በራሱ እንዲገባ ማብራታችሁን ግን አረጋግጡ። በ2021 መጨረሻ የመጣው የሎግፎርጄ (የጃቫ ሎግ መጻፊያ ላይብረሪ) ጉድ ግን ሌላ ነው። ቀዳዳው ያለው ዋራችሁ ውስጥ በተጠቀለለው ላይብረሪ ነበር። እሱን ማንም አቅራቢ ከፍቶ አይጠግንላችሁም።

አገር ቤት ሆናችሁ ስትገዙ

ተጠቃሚዎቻችሁ አዲስ አበባ ከሆኑ አማዞን ኬፕ ታውን፣ ባህሬንና ኤምሬትስ፣ ጎግል ጆሃንስበርግ፣ አዙር ደግሞ ጆሃንስበርግና ዱባይ ማዕከል አላቸው። ካርታ አትመኑ። ኬብሉ የሚሄደው በራሱ መንገድ ስለሆነ አውሮፓ ፈጥኖ ሊገኝ ይችላል። በየቦታው ትንሽ ማሽን ለአንድ ሰዓት ክፈቱና ከቢሯችሁ ፒንግ አድርጉ (ምላሹ ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ለኩ)፤ የሚያስወጣችሁ ሳንቲም ነው።

ክፍያው በዶላር ነው። በእኛ አቆጣጠር ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን የዘንድሮው 20 ዶላር በብር የአምናው 20 ዶላር አይደለም። ስለዚህ እንደ ዲጂታል ኦሽን ወርኃዊው ቁርጥ ያለ ዋጋ ለበጀት ይመቻል። አማዞንና አዙር ላይ በሰዓትና በጊጋ ስለሚቆጠር የቢል ማስጠንቀቂያ ሳታስገቡ አትደሩ።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ አንድ ደቨሎፐርና አንድ የቶምካት ዋር ካለ ቢንስቶክ በሲንግል ኢንስታንስ እወስዳለሁ፤ ዳታቤዙን ለብቻው አድርጌ። ሊኑክስ የሚያውቅ ሰው በቋሚነት ካለና ፋይሎቹ ዲስክ ላይ ከሆኑ ባዶ ማሽን። ዋይልድፍላይ ለምትጭኑ ደግሞ አንድ ነገር፦ የአስተዳደር ገጹ ያለበት 9990 ፖርት ሲጫን ከውጭ እንዳይታይ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ከቤት ሆኜ ልየው ብላችሁ ለኢንተርኔት አትክፈቱት። በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ መስመር) ተሻግራችሁ ግቡ።