ስልባቦቱ የተቀደደበት ቦታ፦ አንድ ፎቶ አንሺ ስለ ልብ ምርመራ

ፒያሳ ውስጥ 22 ዓመት ጉርድ ፎቶግራፍ ሳነሳ ኖሬያለሁ። ስለዚህ ማንኛውንም ምስል ሲያሳዩኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ብርሃኑ ነው፤ ምስሉ የገዛ ልቤ ቢሆንም እንኳ። አሁን የምኖረው ቨርጂኒያ ነው፤ የመኪና ማቆሚያ ሒሳብ ተቀባይ ነኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልቤን በሦስት ዓይነት መሣሪያ (በሲቲ ስካን፣ በአንጂዮግራፊ፣ በመጨረሻም በብርሃን በሚያነሳው ኦሲቲ) ስላነሱት፣ እንደ ባለሙያም እንደ በሽተኛም የምለው አለኝ። የሄድኩባቸውን ቤቶች ስም ግን አልጠራም፤ የማመሰግነውም የምወቅሰውም ነገር አለና።

ከርካሹ ልጀምር። ከመታመሜ ዘጠኝ ወር በፊት ፋርማሲስት የሆነችው ልጄ ወትውታኝ የካልሲየም ምርመራ አደረግኩ። ሲቲ ስካን ነው፤ መርፌ የለው፣ ቀለም የለው፣ አሥር ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። ከኪሴ 99 ዶላር ከፈልኩ። ውጤቱ የሚመጣው በቁጥር ነው፤ የእኔ 12 ሆነ። «ዝቅተኛ ነው» አሉኝ፤ እኔም በደስታ ክትፎዬን ቀጠልኩ። ምርመራው የሚቆጥረው በልብ ደም ቧንቧ ግድግዳ ላይ የጠጠረውን፣ ኖራ የሆነውን ስብ ብቻ መሆኑን የነገረኝ አልነበረም። ለስላሳው ስብ እዚያ ምስል ላይ አይቆጠርም። መሣሪያውን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ቆጥሯል። የምወቅሰው ቁጥሩን ሰጥተው የቁጥሩን ትርጉም ያስቀሩብኝን ሰዎች ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ መንጋጋዬን ያዘኝ። ቀጥሎ ግራ እጄ ከበደኝ፤ ላቡ ሸሚዜን አራሰው። ሆስፒታል ደርሼ ደሜ ሲመረመር ትሮፖኒን የሚሉት ነገር ከፍ ብሎ ተገኘ፤ የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ነው። ወዲያው በእጅ አንጓዬ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቤ የደም ቧንቧ አስገብተው፣ ቀለም ረጭተው በራጅ የሚያነሱትን አንጂዮግራፊ አደረጉልኝ።

አንጂዮግራፊን በፎቶ አንሺ ቋንቋ ልግለጸው፤ ጥላ ነው። የሚነሳው የቧንቧው ግድግዳ ሳይሆን በውስጡ የሚያልፈው ቀለም ነው። አንድን ሰው በመጋረጃ ጀርባ አቁመህ ጥላውን ብታነሳ ቁመቱንና ውፍረቱን ታውቃለህ፤ ፊቱ ላይ ቁስል ይኑር አይኑር ግን አታውቅም። የእኔ ምስል ላይ በልብ ፊት ለፊት የሚወርደው ቧንቧ መሀሉ ላይ ግማሽ ያህል ጠቧል። ሐኪሙ በጥበቱ ብዙም አልተደነቀም። ያሳሰበው ጠርዙ ላይ ያለች ጭጋግ የመሰለች ነገር ነበረች። እኔም አይቻታለሁ። በጨለማ ክፍል ውስጥ ወረቀቱን ያለ ጊዜው ከመድኃኒቱ ስታወጣው እንደምትቀር ድብዝዝታ ያለች ናት።

በስልክ አስተርጓሚ አገናኙኝ። ሰውየው ድምፁ ያማረ ነው፤ ትርጉሙ ግን፦ «በልብዎ ውስጥ ያለው ሰሌዳ ሳይሰነጠቅ አልቀረም» አለኝ። የምን ሰሌዳ? የቤት ቁጥር የሚጻፍበት? በኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ ሐኪሞቹ ግድግዳው ላይ የተጋገረውን ስብ ፕላክ ይሉታል፤ በእንግሊዝኛ ሰሌዳም በዚሁ ቃል ይጠራል። ያዳነችኝ ከጎኔ የቆመችው ነርስ ናት፤ የእኛው ልጅ ኖራለች። «አባባ፣ የፈላ ወተት ላይ ያለው ስልባቦት ሲቀደድ አይተው የለ? እንደዚያ ነው። ከሥሩ ያለው ስብ ከደም ጋር ሲገናኝ ደሙ ይረጋል» አለችኝ። (63 ዓመቴ ነው፤ «አባባ» ትንሽ ከብዶኛል።) ልብን በድንገት ከሚመቱ ሕመሞች (ሃርት አታክ ከሚሏቸው) ከሦስት ሁለት ያህሉ የሚመጡት በዚህ ዓይነት መቀደድ ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚቀደደው ከሁሉ ይበልጥ የጠበበው ቦታ አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው። ኦፕቲካል ኮሄረንስ ቶሞግራፊ ይባላል፤ ባጭሩ ኦሲቲ። ዓይን ሐኪም ዘንድ ሬቲናችሁን፣ የዓይናችሁን የውስጥ ጀርባ፣ ተነሥታችሁ ከሆነ ዘመዱን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሥራውን ያስተዋወቀው የመጀመሪያው ጥናት ላይ የታዩት ሬቲናና የልብ ደም ቧንቧ ነበሩ። የሚያነሳው በራጅ ሳይሆን በብርሃን ነው፤ ዓይን በማያየው፣ ከቀይ ባሻገር ባለው ብርሃን። ጫፏ ላይ ብርሃን የምትተፋ የመስታወት ክር በቧንቧው ውስጥ እየተሽከረከረች ወደ ኋላ ትሳባለች። ደም ብርሃን ስለሚጋርድ፣ ለዚያች ቅጽበት ቀለም ረጭተው ደሙን ያጥቡታል። ደረቴ ውስጥ ሞቅ ሲለኝ ተሰማኝ፤ ሁለት ሦስት ሰከንድ ቢሆን ነው፣ አለቀ። ከዚህ ያነሰ ጊዜ የፈጀብኝ ጉርድ ፎቶግራፍ የለም።

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞሩልኝ። ምስሉ ወርቃማ ቡናማ ነው፤ ልክ የአያቶቻችን ፎቶግራፍ ቀለም። ቧንቧውን እንደ ሽንኩርት አግድም ቆርጠው ያሳዩሃል። ጤነኛው ክፍል ላይ ሦስቱ ሽፋኖች ጥርት ብለው፣ ብሩህ፣ ጥቁር፣ ብሩህ ሆነው ይዞራሉ። ሐኪሙ ምስሎቹን አንድ በአንድ ወደፊት ሲያሳልፋቸው አንዱ ላይ ቆመ። በግራ በኩል ስስ ልጥ ተገንጥላ ተንጠልጥላለች። ከሥሯ ባዶ ዋሻ አለ፤ ስቡ ወጥቶ የሄደበት። አጠገቡ የረጋ ደም፣ ከደሙም ጀርባ ጥቁር ጥላ። ስልባቦቱ ይኸው። እንዲህ ያለ ሽፋን ከ65 ማይክሮሜትር ሲሳሳ ለመቀደድ ቅርብ ነው ይላሉ፤ አንድ የፀጉር ዘለላ ያህል ማለት ነው። ኦሲቲ ከ10 እስከ 20 ማይክሮሜትር የሚደርስ ቅንጣት ለይቶ ያያል። በቧንቧ ውስጥ የሚገባው አልትራሳውንድ ቅንጣቱ ሸካራ ስለሆነ ይህችን ልጥ እንዲህ አጥርቶ አያወጣትም።

እንከን የለውም አልልም። ብርሃኑ ከአንድ ሁለት ሚሊሜትር አልፎ አይዘልቅም፤ ስብ ሲያጋጥመው ደግሞ ከኋላው ያለው ሁሉ ይጨልማል። ለጥልቀት አልትራሳውንዱ ይሻላል። የሚረጨው ተጨማሪ ቀለም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሸክም ነው። ቀድሞ ለማወቅ ብላችሁም ሄዳችሁ አታዙትም፤ ቱቦው ልብ ድረስ መግባት አለበትና።

ስቴንት፣ ማለትም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ የብረት መረብ፣ ካስገቡልኝ በኋላ ደግመው አነሱኝ፤ ለእኔ የአገልግሎቱ ዋጋ የወጣው እዚህ ላይ ነው። በአንጂዮግራፊው ጥላ ስቴንቱ ያማረ ይመስል ነበር። በኦሲቲው ግን በአንድ በኩል ከግድግዳው ሳይለጠፍ ክፍተት ትቶ ቆሟል። እንደገና ፊኛ ነፍተው አስጠጉት። ልጄ ግን ነገር ሳታጣራ አታልፍም፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ኢሉሚየን 4 የሚባል ትልቅ ጥናት አምጥታ አነበበችልኝ። 2,487 ሰዎች ተካፍለውበት፣ በኦሲቲ እየታየ ስቴንት የገባላቸው ስቴንታቸው ሰፋ ብሎ ተገኝቷል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ስቴንቱ ላይ ደም የረጋባቸውም 0.5 በመቶ ሲሆኑ በአንጂዮግራፊ ብቻ የታከሙት 1.4 በመቶ ናቸው። ጥናቱ ዋና ግቡ ባደረገው፣ የታከመው ቧንቧ ዳግም ችግር በማምጣቱ ላይ ግን ጉልህ ልዩነት አላሳየም። «ስለዚህ አባዬ፣ ተአምር አታድርገው» አለችኝ። እሺ፣ ተአምር አላደርገውም። ግን ክፍተቱን በዓይኔ አይቻለሁ።

ቅሬታዬ ከካት ላብ፣ ቱቦው ከሚገባበት ክፍል፣ በር ውጭ ነው። የምስሌን ቅጂ ስጠይቅ ሲዲ ሰጡኝ፤ ቤት ሄጄ ስከፍተው ያለው አንጂዮግራፊው ብቻ ነው። ለኦሲቲው ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በሁለተኛው ቀን መዝገብ ቤት ያለችው ወጣት «እንዲህ ያለ ምስል የለንም» አለችኝ። በሦስተኛው የመዝገብ ቁጥሬንና ቀኑን ብቻ ሳይሆን የምርመራውን ስም በትልልቅ ፊደል ጽፌ ስሰጣት ተገኘ። እናንተም ብትጠይቁ እንደዚያ አድርጉ፤ ከሆስፒታል ሳትወጡ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ያቺ ልጥ የተቀደደችበትን ምስል መርጬ በ13 በ18 አሳተምኳት። ሬቱሽ አልነካኋትም። ባለቤቴ ሳሎን አይሰቀልም ስላለች፣ ከፒያሳ ይዤያቸው ከመጣኋቸው ኔጋቲቮች ጋር በቆርቆሮው ሳጥን ውስጥ ናት።