የሸክላ የኤሌክትሪክ ምጣድ፦ ስንት ይቆጥራል? የትኛውስ ይገዛል?

መርካቶም ሆነ በየሰፈሩ ብረታ ብረት ቤት የሚሸጠው ባለ ሸክላ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከላይ ሲታይ ሁሉም አንድ ነው፦ ክብ የላሜራ አካል፣ ጥቁር ሸክላ፣ የአሉሚኒየም አክንባሎ። ልዩነቱ ያለው ከሸክላው ሥር ነው፤ ገዢው ደግሞ እዚያ አያይም። ሥሩ በደንብ የተሞላው ምጣድ ዋጋው ከፍ ቢልም ያዋጣል። ሥሩ ባዶ የሆነውን ግን የቱንም ያህል ቢረክስ አንመክርም።

ጉዳዩ የሚያሳስበው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ተሻግሯል። ከሰልና ማገዶ ከተማ የሚገባው በመኪና ስለሆነ የነዳጁ ጭማሪ ዞሮ ዞሮ ጆንያው ላይ ያርፋል። የመብራት ታሪፍም ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተደርጓል። በዚያ ላይ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው፤ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ድረስ ዝቅተኛው ሒሳብ ነው፣ ከዚያ 100፣ 200፣ 300 እያለ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። በብዙ ቤት ፍጆታውን ወደ ቀጣዩ እርከን የሚገፋው ዋናው ዕቃ ምጣድ ነው።

የተለመደው ምጣድ ከ58 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ሸክላ አለው። ጀርባው ላይ ከመሐል ወደ ዳር እየዞረ የሚሄድ ቦይ ይቆፈርለትና ሬዚስታንሱ፣ ማለትም መብራት ሲገባበት የሚግለው ጥቅል ሽቦ፣ እዚያ ተኝቶ በጀሶ ይደፈናል። ኃይሉ ብዙውን ጊዜ ከ3.5 እስከ 4 ኪሎዋት ነው። ሬዚስታንሱ ታዲያ ወደ እንጀራው ብቻ አይግልም፣ ወደ ታችም ይግላል። ከጀሶው በታች ሙቀት የማያሳልፍ ጥጥ መሰል ፋይበር ጠቅጠቅ ተደርጎ ከተሞላ ሙቀቱ ሸክላው ውስጥ ይቆያል። ካልተሞላ የከፈላችሁበት መብራት ወለሉን ሲያሞቅ ይውላል።

ሱቅ ውስጥ ይህን ማወቂያ መንገድ አለ። መጀመሪያ ሥሩን በጣት አንኳኩት፤ የተሞላው ድፍን ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው ያስተጋባል። ቀጥሎ ሻጩ ሰክቶ 15 ደቂቃ እንዲያቆየው ጠይቁና እጃችሁን ከላሜራው ሥር በስንዝር ርቀት ያዙ፤ ላሜራውን አትንኩ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅ የማያስቆም ከሆነ ተዉት። ምጣዱ እንደጋለ ዱቄት በስሱ ነስንሱበት። በሁሉም ቦታ እኩል ከቀላ ሬዚስታንሱ እኩል ተዘርግቷል፤ መሐሉ ጠቁሮ ዳሩ ነጭ ከቀረ እንጀራችሁም እንደዚያው መሐሉ አሮ ዳሩ ሊጥ ይሆናል። ይህች የዱቄት ሙከራ ከሻጭ ምስክርነት ሁሉ ትበልጣለች። አክንባሎውንም ግጠሙት፤ ዙሪያውን ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት ካለው እንፋሎቱ ያመልጣል፣ እንጀራው ቶሎ አይበስልም።

ወደ ፍጆታው እንምጣ። ሸክላው ብቻውን ወደ 10 ኪሎ ግራም ይመዝናል። እሱን እስከ 200 ዲግሪ ማድረስ ብቻ፣ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ፣ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ወደ ሥርና ወደ ጎን የሚባክነው ሲደመርበት ደግሞ የ15 ደቂቃ ማሟቂያ ይወስዳል። ስለዚህ ዋናው ቁጠባ ያለው አንዴ ካሞቁ ብዙ መጋገር ላይ ነው። ባለ 3.6 ኪሎዋት ምጣድ ያለው ቤት አንዱን እንጀራ በ3 ደቂቃ ተኩል ያወጣል እንበል። በሳምንት ሁለቴ አሥር አሥር ቢጋግር በአራት ሳምንት 24 ኪሎዋት ሰዓት ይሄዳል። ያንኑ 20 እንጀራ በአንድ ቀን ቢጨርሰው 20.4 ይበቃዋል። በዚያ ላይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሦስት እንጀራዎች ሲቀሩ ማጥፋት ነው፤ ወፍራም ሸክላ በያዘው ሙቀት ይጨርሳቸዋል። ሥሩ ባዶ የሆነው ምጣድ ግን ይህን አይችልም፣ ሲጠፋ ወዲያው ይቀዘቅዛል።

ሻጩ የነገራችሁን ዋት በራሳችሁ ቆጣሪ ማረጋገጥ ይቻላል። በቤት ያለውን ሁሉ አጥፉና ምጣዱን ብቻ ሰኩ። የካርድ ቆጣሪው ላይ ብልጭ ድርግም የምትል ቀይ መብራት አለች፤ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ስንት ጊዜ እንደምትበራም ፊቱ ላይ ተጽፏል፣ ለምሳሌ 1000 ወይም 1600። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደበራች ቁጠሩ፣ በ60 አባዙ፣ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። 1600 የሚል ቆጣሪ በደቂቃ 96 ጊዜ ከበራ ምጣዱ 3.6 ኪሎዋት ነው።

አንዳንዴ ግን ምጣዱ ደህና ሆኖ ሳለ እንጀራው ዓይን አላወጣ ይላል። ብዙ ሰው ሊጡን ወይም አብሲቱን ይወቅሳል፤ ጥፋቱ ግን ከመስመሩ ሊሆን ይችላል። 220 ቮልት መሆን ያለበት ሰው በሚበዛበት ሰዓት 190 ሲወርድ የ3.6 ኪሎዋቱ ምጣድ 2.7 ብቻ ይሰጣል፤ ኃይሉ ከቮልቴጁ ፈጥኖ ነው የሚወርደው። መብራቱ ስላነሰ ቆጠበ ማለት አይደለም፤ እንጀራው ምጣዱ ላይ በቆየ ቁጥር የሚባክነው ሙቀት ይበዛል። በማለዳ ወይም ከቀትር በኋላ መጋገር በብዙ ሰፈር ይሻላል።

በመስመሩ በኩል ቀልድ የለም። 3.6 ኪሎዋት ማለት ከ16 አምፔር በላይ ነው። ተራ ሶኬትና ዲቫይደር ይህን ለአንድ ሰዓት ተኩል አይሸከሙም፤ መጀመሪያ ስፒናው ይግላል፣ ቀጥሎ ፕላስቲኩ ይሸታል፣ ከዚያ ይቀልጣል። ለምጣድ ከብሬከር ሳጥኑ ቀጥታ የሚመጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦና የራሱ ባለ 20 ወይም 25 አምፔር ብሬከር ይሠራለት። ሽቦውን ሳይቀይሩ ብሬከሩን ብቻ ማሳደግ ቤት ያቃጥላል። የምድር ሽቦው ከላሜራው ጋር በብሎን መታሰር አለበት፤ አለዚያ ሸክላው ተሰንጥቆ ሊጥ ወደ ውስጥ ከገባ የሚነዝረው እንጀራ የምታወጣዋን ሰው ነው።

ቶሎ የሚበላሸው መገጣጠሚያው ነው። ብሎኑ በሙቀት ይላላል፣ የላላው ይግላል፣ የጋለው ሽቦ ጠቁሮ ይበጠሳል። በየሦስት ወሩ ብሬከሩን አጥፍቶ፣ ምጣዱ ሲቀዘቅዝ ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃል። ሬዚስታንሱ ራሱ ሲበጠስ ብዙ ጠጋኞች የተቃጠለውን ቆርጠው ጫፍና ጫፉን ይቀጥሉታል። ያጠረ ሬዚስታንስ ግን ብዙ መብራት ይስባል። በቴስተር ሲለካ ባለ 3.6 ኪሎዋቱ 13.4 ኦም ገደማ ነው፤ ከተጠገነ በኋላ ወደ 11.4 ከወረደ 4.2 ኪሎዋት ሆኗል ማለት ነው፣ ብሬከሩም ደጋግሞ ሊወድቅ ይችላል። ቁራጭ ከማስቀጠል ሙሉ ሬዚስታንስ ማስቀየር ይሻላል።

አዲስ ምጣድ ውስጡ እርጥበት አለው። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ሙቀት ከሰጣችሁት ይሰነጠቃል። 5 ደቂቃ አብርቶ አጥፍቶ፣ ከዚያ 10 ደቂቃ፣ እንዲህ እያሉ እንፋሎቱ እስኪያልቅ ማድረቅ፣ ቀጥሎ በጎመን ዘር ማሟሸት ነው። ዘሩ ተፈጭቶ በጋለው ምጣድ ላይ ይነሰነስና ገጹ እስኪጠቁርና እስኪለሰልስ በማሰሻ ይታሻል። በጋለ ሸክላ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱ።

ለማን አይሆንም? በሳምንት አምስት ስድስት እንጀራ ብቻ ለሚበቃው ቤት ማሟቂያው ብቻ ያከስራል፤ ከጎረቤት ጋር ተራ ገብቶ በአንድ ሙቀት መጋገር ወይም መግዛት ይሻላል። መብራት በማይደርስበት ወይም መቆራረጥ በሚበዛበት ደግሞ ከሲሚንቶና ከአሸዋ የሚሠራው «ምርጥ» የሚባለው የማገዶ ምድጃ አለ፤ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እስከ ግማሽ የሚደርስ ማገዶ ይቆጥባል። ኢንዳክሽን ምድጃ ለወጥ ጥሩ ነው፣ ግን ማግኔት የሚይዘው ድስት ይፈልጋል፤ የሸክላ ምጣድም ጀበናም አይሠራበትም።

ምጣድ ወደ ውጭ አገር ለሚወስዱ፦ በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በአብዛኛው የባሕረ ሰላጤ አገር መስመሩ 230 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ይሠራል፤ የሶኬቱን አቅም ግን በባለሙያ አስፈትሹ። አሜሪካ ባለ 120 ቮልት ሶኬት ላይ ከሰኩት ግን ከኃይሉ 30 በመቶ ብቻ ይሰጣል፣ እንጀራ አያወጣም። ባለ 240 ቮልቱ መስመር ላይ ደግሞ ኃይሉ በ19 በመቶ ስለሚጨምር 3.6 ኪሎዋቱ 4.3 ይሆናል። ሽቦውም ብሬከሩም በዚያ ልክ መመረጥ አለባቸው።