ጸጥ ያለ ደሴት ለምትፈልጉ፣ ይህችን የጉዞ ወኪል ጠይቋት

ባለፈው ክረምት ቬትናም ደርሰን መጥተናል። ፎቶውን ያየ ሁሉ «ማን አመቻቸላችሁ?» እያለ ስለሚጠይቀኝ፣ ለእያንዳንዱ ከምመልስ እዚሁ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ያመቻቸችልን ትንሽ ትኬት ቢሮ ያላት አንዲት ልጅ ናት። ስሜን አትለጥፍ ስላለችኝ አልጽፈውም። የምትፈልጉ ግን በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እልክላችኋለሁ። እሱን ፈቅዳለች።

የፈለግነው ቀላል ነገር ነበር። ልጆቹ ትምህርት የሚዘጉት ክረምት ላይ ነው። ባሕር እንዲያዩ፣ ጫጫታ እንዳይኖር፣ አማቴም አብራን እንድትሄድ። መጀመሪያ የጠየቅነው ሌላ ቢሮ የፉኮክ ደሴትን ፓኬጅ ዘረጋልን። ባለ አምስት ኮከብ ሆቴል፣ የውሃ መዝናኛ፣ ምን የቀረ አለ። ነሐሴ ላይ ዝናቡ እንዴት ነው ስንል «ችግር የለውም» ተባልን። በቃ፣ ያቺው ናት መልሷ።

እሷ ጋ ስንሄድ ግን ገና ዋጋ ሳትነግረን ካርታ አወጣች። «ጋሼ፣ ፉኮክ እሄዳለሁ ካሉ እቆርጥልዎታለሁ። ግን ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ የሚበረታበት ጊዜ ነው። ነፋሱ ከደቡብ ምዕራብ ስለሚመጣ በምዕራቡ ዳርቻ ባሕሩ ይናወጣል፤ ትልልቆቹ ሆቴሎች ደግሞ ያሉት እዚያው ነው። በዚያ ላይ ጸጥታ ነው ያሉኝ» አለችኝ። ፉኮክ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ኬብል ካር በባሕር ላይ የተዘረጋበት ደሴት ነው። ለሚወደው ሰው ጥሩ ነው። እኛ የጠየቅነው ግን ሌላ ነው። ከፍ ያለ ኮሚሽን የምታገኝበትን ትታ የጠየቅነውን መፈለጓ ነው እኔን የማረከኝ።

ከዚያ ጣቷን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ወስዳ ኮን ዳኦን አሳየችን። 16 ደሴቶች ናቸው፤ ሰው በብዛት የሚኖረው ኮን ሶን በሚባለው ትልቁ ላይ ነው። አብዛኛው መሬት ጫካ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ስለሆነ እንደልብ ሕንፃ አይደረደርበትም። ከሆ ቺ ሚን ከተማ በትንሿ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላን አንድ ሰዓት አይሞላም። ከትራን ዴ ወደብ በፈጣን ጀልባ መሄድም ይቻላል፤ ትንሹ ልጄን ግን መኪናም ያጥወለውለዋልና አውሮፕላኑን መረጠችልን። እዚያም ክረምት ላይ እንደሚዘንብ አልደበቀችንም። «ከሰዓት ዱብ ይልና ያባራል። ጠዋት ጠዋት ባሕሩ የእናንተ ነው» አለች። እንዳለችውም ነበር። አንድ ቀን ብቻ ሙሉውን ሲዘንብ ዋለ፣ እሱንም በካርታ ጨዋታ አሳለፍነው።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ቬትናም እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 አጋማሽ ጀምሮ ለሁሉም አገር ዜጎች የኤሌክትሮኒክ ቪዛ ትሰጣለች። እስከ 90 ቀን ያቆያል፤ አንድ ጊዜ ለመግባት 25 ዶላር፣ ደጋግሞ ለመግባት 50 ዶላር ነው። የመንግሥቱን ገጽ አስመስለው የተሠሩ፣ በላዩ ላይ ጨምረው የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች ሞልተዋል። እሷ ከትክክለኛው ገጽ ፊታችን ከፍታ ነው የሞላችው፤ ደረሰኙንም በእጃችን ሰጠችን። የራሷን የአገልግሎት ክፍያ ለብቻው ነው የምትጽፈው። ከቪዛው ጋር ቀላቅላ አታስገባውም።

ስም ላይ ደግሞ ጉድ ናት። የእኛ ስም የአባት፣ የአያት እየተባለ የሚሄድ ነው፤ ቅጹ የሚጠይቀው የቤተሰብ ስም ነው። ባልና ሚስት የተለያየ፣ እናትና ልጅ የተለያየ። እሷ ፓስፖርቱን ትገልጥና ከታች ያሉትን፣ ማሽን የሚያነባቸውን ሁለት መስመሮች በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል ታስነብበናለች። አማቴ «ልጄ፣ ቄስ ትምህርት ቤት ያስገባሽን መሰለኝ» ብላ አሳቀችን። ልጅቷም «እማማ፣ አንድ ፊደል ከጎደለ የሚመልሱን ከቦሌ ነው» አለቻት። ለልጆቹ የተረጋገጠ የልደት ምስክር ወረቀት ከነትርጉሙ እንድንይዝ ያደረገችውም እሷ ናት። ቅጹ ላይ የምትገቡበት አውሮፕላን ማረፊያ ይጠየቃል፤ ሃኖይ ብላችሁ ሞልታችሁ ትኬቱን ሌላ ቦታ እንዳትቆርጡ። ቪዛና ትኬቱ ባንክ ዶላር ስትገዙም ይፈለጋሉ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ሃኖይ ይበራል። ጥሩ ነው፤ ግን ሃኖይ ያለችው ሰሜን ነው፣ ኮን ዳኦ ያለው ደቡብ ነው። የአገር ውስጥ በረራው ትኬት ለብቻ ስለሆነ ሻንጣ ራሳችሁ ተቀብላችሁ እንደገና ታስመዘግባላችሁ። በትንሿ አውሮፕላን የሚፈቀደው ኪሎም ያንሳል። «በአንድ ቀን ላገናኝላችሁ እችላለሁ፣ ርካሽም ነው። ግን አንዱ ከዘገየ ሌላው ተቃጠለ ማለት ነው» ብላ ሆ ቺ ሚን ላይ አዳር አስገባችልን፤ ስትመለሱም እንዲሁ አለች። ባለቤቴ መጀመሪያ ለሆቴል ማስወጣቱን አልወደደችውም ነበር። መመለሻችን ላይ ከደሴቱ የሚነሳው አውሮፕላን በአየሩ ምክንያት ሲዘገይ ግን ማንም አልደነገጠም።

የፍልሰታ ነገር ነበር እኔን ያሳሰበኝ። አማቴ ጾሟን አትፈታም፣ ቬትናም ደግሞ የዓሣ መረቅ የማይገባበት ምግብ የለም። ልጅቷ ይህን ከእኛ ቀድማ አስባበታለች። ቡድሂስቶቹ ቻይ የሚሉት ከሥጋና ከዓሣ የራቀ ምግብ አላቸው፤ ብዙዎቹ በጨረቃ ወራቸው 1ኛና 15ኛ ቀን ላይ ይበሉታል። በቬትናምኛ «ሥጋ፣ ዓሣ፣ የዓሣ መረቅ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም» የሚል ወረቀት አሳትማ፣ ፕላስቲክ አልብሳ ሰጠቻት። ምግብ ቤት ስንገባ አማቴ ወረቀቱን እንደ መታወቂያ ታወጣለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት ታነበዋለች፣ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ከጠረጴዛው ላይ የዓሣ መረቁን ጠርሙስ ታነሳለች። ከዚያ ሩዝ በቶፉ፣ እንጉዳይ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ጎመን ይመጣል። አማቴ ቡናቸው ላይ ግን አልተስማማችም። የነሱ በብዛት ሮቡስታ ነው፣ ጥቁርና ከባድ፤ የሚያለሰልሱት በጣፋጭ የቆርቆሮ ወተት ነው፣ እሱ ደግሞ በጾም አይሆንም። አንድ ጊዜ ቀምሳ «ይሄ መድኃኒት ነው» ብላ አስቀመጠችው።

ኮን ዳኦን የመረጠችልን አንድም ለኤሊዎቹ ብላ ነው። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ከግንቦት እስከ ጥቅምት ገደማ ባይ ካንህ በምትባለው ደሴት ላይ እንቁላል ይጥላሉ። ማደር የሚቻለው በፓርኩ ፈቃድ፣ በጠባቂዎቹ ጣቢያ ነው፤ ቦታውም ጥቂት ነው። አዳሩ ለአማቴና ለትንሹ እንደሚከብድ አውቃ ለእኔና ለትልቋ ልጄ ብቻ ያዘችልን። ማታ ጠባቂው ጠራን። ስልክ የለም፣ መብራት የለም፣ ኮሽታ የለም። ከባሕሩ የወጣችበት ዱካ ትራክተር ያለፈበት ይመስላል። በኋላ እግሯ ስትቆፍር የምትረጨው አሸዋ ፊታችን ድረስ ይመጣ ነበር። ጠባቂዎቹ እንቁላሉን ቆጥረው በቅርጫት ይሰበስቡና ማዕበል በማይደርስበት በታጠረ ቦታ እንደገና ይቀብሩታል። ወደ ሁለት ወር በሚጠጋ ጊዜ ይፈለፈላል። ጠዋት ላይ ቀደም ሲል ከተቀበሩት የወጡ ግልገሎች ነበሩ። ቅርጫቱን ወደ አሸዋው ዘንበል ያደረገችው ልጄ ናት፤ እስካሁን የምታወራው ስለዚህ ብቻ ነው።

ደሴቱ ሌላም ታሪክ አለው፤ ልጅቷም ሳትነግረን አላለፈችም። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1862 እስር ቤት ያደረጉት ሲሆን የተዘጋው በ1975 ነው። «የነብር ጎጆ» የሚባሉትን ጠባብ ክፍሎች ከላይ በብረት ፍርግርግ በኩል ታያላችሁ። አዲስ አበባ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ገብቶ ለወጣ ሰው ስሜቱ አዲስ አይሆንበትም። ማታ ሰዉ ሀንግ ዱዎንግ መካነ መቃብር ይሄዳል። ፈረንሳዮችን ስትዋጋ ተይዛ እ.ኤ.አ. በ1952 ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላት ለተረሸነችው ለቮ ቲ ሳው ነጭ አበባ፣ ማበጠሪያና መስታወት ያስቀምጣሉ። «ረዘም ያለ ልብስ ያዙ» ተብለን ስለነበር አማቴ ነጠላዋን ለብሳ ሄደች። እዚያ ካሉት ሴቶች አንዷ መንገድ ለቃ አስቀደመቻት።

እንከን የላትም አልልም። መልስ ትዘገያለች፣ በተለይ ማታ ከጻፋችሁላት ነገ ነው የምታዩት። እሁድ ስልክ አታነሳም። በአገልግሎት ክፍያዋ ላይ ድርድር የለም፣ እኔም ሞክሬ አልሆነልኝም። የያዘችልን እንግዳ ማረፊያ ንጹሕና ባሕሩ አጠገብ ቢሆንም ኢንተርኔቱ ደካማ ነው፤ ከደሴቱ ሥራ እሠራለሁ የምትሉ ቀድማችሁ ንገሯት።

አንቺ ልጅ፣ ይህን እንደምታነቢው አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልን። አማቴ ከማኅበር ጓደኞቿ ሦስቱን ልልክላት ነው እያለች ነው፣ ተዘጋጂ።

ለቀጣዩ ክረምት የምታስቡ ካላችሁ እስከ ግንቦት አትጠብቁ፣ የኤሊው አዳር ቶሎ ይሞላል። ጿሚ አብሯችሁ ካለም ያንን ወረቀት ጠይቋት፣ በነጻ ነው የምትሰጠው።