የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል፦ ለዛፍ ወዳጆች የሚመች ስፍራ

በአዲስ አበባ ሰሜን ምዕራብ፣ ከእንጦጦ ሰንሰለታማ ተራሮች ግርጌ የሚገኘው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማ አስተዳደሩ ትብብር የተቋቋመ፣ ከ700 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ስፍራ ሲሆን፣ ከሌሎቹ የመዲናዋ መናፈሻዎች የሚለየው ከመዝናኛነቱ ይልቅ ለዕፅዋት ጥበቃና ለምርምር የታሰበ በመሆኑ ነው። የውኃ ፏፏቴና የመብራት ትርዒት የሚሻ ቤተሰብ ወዳጅነት ፓርክ ቢሄድ ይሻለዋል።

የማዕከሉ ትልቁ ሀብት አገር በቀል ዛፎቹ ናቸው። ከዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ የእንጦጦን ዳገት የወረሰው ባሕር ዛፍ ቀስ በቀስ ለጽድ፣ ለወይራ፣ ለዝግባና ለኮሶ ቦታውን እንዲለቅ እየተሠራ በመሆኑ፣ ጎብኚው ሁለቱን ማነጻጸር ይችላል፤ በባሕር ዛፉ ሥር መሬቱ በደረቅ ቅጠል ተሸፍኖ ሣር ሲርቀው፣ በአገር በቀሎቹ ሥር ግን ቁጥቋጦና ሐረግ ተጠላልፎ ይታያል። ቀላ ያለ ቅርፊቱ በስስ ልጣጭ የሚላቀቀውን ኮሶ፣ በተለይ ቀይ አበባው ተንዠርግጎ ሳለ፣ እሱን ብቻ ለማየት መሄድ አያስቆጭም (መድኃኒቱን በልጅነቱ የቀመሰ ሰው በዚህ ባይስማማ አይፈረድበትም)። ለመድኃኒት ዕፅዋት የተለየ ክፍልም አለ።

ስፍራው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለና ዳገታማ በመሆኑ ለአረጋውያን ሊከብድ ይችላል። ጠንካራ ጫማና ደረብ የሚደረግ ልብስ ያስፈልጋል። ሐምሌና ነሐሴ ጭቃው ስለሚበዛ፣ አደይ አበባ የሚፈካበትን መስከረምን እመርጣለሁ።