ያገለገለ ቲንክፓድ ቲ480 ወይስ አንድ የጋራ ሰርቨር? መብራት በሚሄድበት ሰፈር ለሚሠራ የሶፍትዌር ቡድን

አያት፣ ለቡ ወይም ቱሉ ዲምቱ ቢሮ የከፈተ፣ ስምንት ያህል ዴቨሎፐር ያለው ቡድን ገንዘቡን ሁሉም ገብተው የሚሠሩበት አንድ ጠንካራ ሰርቨር ላይ ቢያውለው ይሻለዋል ወይስ ለየሰው ላፕቶፕ ቢገዛ? ላፕቶፕ ይግዛ እንላለን፤ ከተቻለም ቲ480 የሚባለውን ያገለገለ የሌኖቮ ላፕቶፕ።

ዋናው ምክንያት መብራት ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ ስምንቱም ሰው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። 1500 ቪኤ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጥቂት ጊዜ የሚይዝ ባትሪ) ማሽኑን በሥርዓት ለማጥፋት እንጂ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለመሥራት አይበቃም። ቲ480 ሁለት ባትሪ አለው፦ የውስጡ 24 ዋት-ሰዓት፣ ከኋላ የሚነቀለው ደግሞ እስከ 72። የውስጡ ማሽኑን ይዞ ስለሚቆይ የኋላውን ሳያጠፉ መቀየር ይቻላል። አንድ ትርፍ ባትሪ ሞልቶ ማስቀመጥና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ መግዛት ጄኔሬተር ከማስነሳት ይቀላል።

የጋራው ማሽን ሌላም ጣጣ አለው። ኮድ የሚጻፍበት ኤዲተር፣ የኮዱን ስህተት የሚጠቁመው የቋንቋ ሰርቨርና የዶከር ኮንቴይነሮቹ (ፕሮግራሞች ተነጥለው የሚሠሩባቸው ክፍሎች) ተደምረው ለአንድ ሰው 8 ጊጋባይት ራም ሊወስዱ ይችላሉ፤ ሰርቨሩ 64 ጊጋባይት ቢኖረው ስምንት ሰው ጨረሰው ማለት ነው። ራም ሲያልቅ የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና ሊኑክስ ራሱ መርጦ አንድ ፕሮሰስ (በሥራ ላይ ያለ ፕሮግራም) ይገድላል፤ ብዙ ጊዜ ትልቁን። የሚሞተው ታዲያ ራሙን የጨረሰው ሰው ሥራ ሳይሆን የጎረቤቱ ዳታቤዝ ሊሆን ይችላል። የግድ በጋራ የሚሠራ ከሆነ በሲስተምዲ (የሊኑክስን አገልግሎቶች በሚያስተዳድረው ፕሮግራም) ለየተጠቃሚው የራም ጣሪያ ይበጅለት። የዶከር ግሩፕ ውስጥ መግባት የሩት ሥልጣን (በማሽኑ ሁሉ ላይ ማዘዝ) ከመያዝ አይለይምና፣ ያለዚህ ሥልጣን ለየሰው ተለይቶ የሚሠራው ሩትለስ ዶከር ይጫን፤ አለዚያ አንዱ ዲስክ ለማጽዳት ብሎ የሌላውን ኮንቴይነር ይጠርጋል።

ሲገዙ ቲ480ኤስ እንዳይሰጧችሁ ተጠንቀቁ። ስሙ ቢቀራረብም የቲ480ኤስ ራም ከፊሉ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው፣ ያለው ማስገቢያ አንድ ብቻ። ቲ480 ሁለት ማስገቢያ ስላለው ሁለት ባለ 16 ጊጋባይት ዲዲአር4 ራም ገብተው 32 ይሞላል። ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ማሽኑ ሲነሳ ኤፍ1 ተጭናችሁ ባዮስ (የማሽኑ መነሻ ቅንብር) ግቡ፤ የይለፍ ቃል ከጠየቀ ተዉት፣ ያንን ማስፈታት ትልቅ መከራ ነው። ቻርጀሩን በሁለቱም የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳዎች ሞክሩ፤ የተንደርቦልት ፈርምዌሩ (የዩኤስቢ-ሲ ቀዳዳውን የሚያሠራው የውስጥ ሶፍትዌር) ያልታደሰለት ማሽን በዚያ በኩል ቻርጅ ማድረግ ሊያቆም ይችላል። ስክሪኑ 1366 በ768 ከሆነ ኮድ ለማንበብ ይጨንቃል፣ 1920 በ1080ውን ምረጡ። ባለ አራት ኮር ፕሮሰሰሩ ለዌብ ሥራ ይበቃል፤ ትልቅ የአንድሮይድ ፕሮጀክት ቢልድ ሲደረግ ግን ያስጠብቃል።

ለጋራ የሚሆን አንድ ነገር አለ፦ 16 ጊጋባይት ራምና 1 ቴራባይት ኤስኤስዲ ያለው ተራ ዴስክቶፕ። ኮዱን በጊት (የኮድ ለውጦችን በሚመዘግበው ፕሮግራም) ይይዛል፣ የኤንፒኤም ፓኬጆችን (ዝግጁ የጃቫስክሪፕት ኮዶችን) እና የዶከር ኢሜጆችንም (ኮንቴይነር የሚነሳባቸውን ፋይሎች) አንዴ አውርዶ ለሁሉም ያድላል። ኢንተርኔቱ በሚዘገይበት ቀን ስምንት ሰው ያንኑ ኢሜጅ ስምንት ጊዜ አያወርድም። መብራት ሲሄድ ቢጠፋም እያንዳንዱ የጊት ቅጂው ላፕቶፑ ላይ ስላለ ሥራው ይቀጥላል። የቆዩትን ኢሜጆች በየሳምንቱ የሚያጠፋ ክሮን (በሰዓቱ ራሱ የሚነሳ ትእዛዝ) ጨምሩበት፤ ዲስኩ ከሞላ ጊቱም ፑሽ (ከላፕቶፖቹ የሚላክ አዲስ ኮድ) መቀበል ያቆማል።