ማይክሮቲቺንግ ወይስ ፕራክቲከም?

የእንግሊዝኛ አስተማሪ ለመሆን ስትሠለጥን ሁለቱንም ታልፍባቸዋለህ። አስተማሪነት የሚሰማህ ግን በፕራክቲከሙ፣ ማለትም እውነተኛ ትምህርት ቤት ገብተህ በምታስተምርበት ልምምድ ነው ባይ ነኝ።

ማይክሮቲቺንግ ላይ ተማሪ ሆነው የሚቀመጡት የራስህ ጓደኞች ናቸው። አጭር ትምህርት፣ አንድ ክህሎት፣ ከዚያ አስተያየት። አጠያየቅንና የሰሌዳ አጠቃቀምን ለማጥራት አሪፍ ነው። ሁሉም መልሱን ስለሚያውቅ ግን ትንሽ ድራማ ይመስላል።

ፕራክቲከም ሌላ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ የመጣው ቴሶ የተባለው የመምህራን ሥልጠና ማሻሻያ ትልቅ ቦታ የሰጠውም ያለ ነገር አይደለም። 60 ልጅ የታጨቀበት ክፍል ትገባለህ፤ «ቲቸር» ይሉሃል። ፓስት ቴንስን በእንግሊዝኛ ስታብራራ ክፍሉ ጭጭ ይላል። በአማርኛ ልድገመው? ወይስ በእንግሊዝኛው ልግፋበት? ምን ዓይነት አስተማሪ እንደምትሆን መወሰን የምትጀምረው እዚህ ጋ ነው።

ከኋላ ተቀምጦ የሚያይህ ነባር መምህርም ቀላል ሰው አይደለም። ወይ ያበረታሃል፤ ወይ «ዝም ብለህ ኖት አስገልብጣቸው» ብሎ ቅስምህን ይሰብረዋል።